የሐይቅ ዳር አፓርታማ ሒሳብ

ባሕር ዳር ላይ አፓርታማ የሚያሻሽጥ ደላላ ከክፍሉ ስፋት ቀድሞ የሚጠራው ሐይቁን ነው። በረንዳው ጣናን ያያል፣ ቱሪስት ይከራየዋል፣ ገንዘቡን በጥቂት ዓመት ይመልሳል ይላል። ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ባሕር ዳር የምር የወደብ ከተማ ናት፤ በጣልያን ወረራ ዘመን የሞተር ጀልባ መጓጓዣ ሲጀመር ከሐይቁ ማዶ ያለውን አገር ከደቡቡ ዳርቻ ያገናኘች እሷ ነች። ኋላም የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ጀልባዎች በዘጌና በደቅ በኩል እስከ ጎርጎራ ሰውና እህል ሲያመላልሱ ኖረዋል። በዘንባባ የተሰለፉት ጎዳናዎቿና የደሴት ገዳማቱ ስሟን ከአገር ውጭ አድርሰውታል። ይህን ሁሉ አምኜም ቢሆን፣ እዚህ ከተማ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ዋጋውን በነዋሪው ኪስ ልክ እንጂ በቱሪስቱ ተስፋ መተመን የለበትም ባይ ነኝ።

እስቲ ቱሪስቱን ራሱን እንየው። የሚመጣው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን ሊጎበኝ ነው፤ ጊዜ ከተረፈው ጢስ ዓባይ ወርዶ ፏፏቴውን ያያል። ባሕር ዳር የሰሜኑ ጉብኝት አንድ ማረፊያ እንጂ መጨረሻው አይደለችምና አንድ ሁለት ቀን አድሮ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ ያልፋል። እንዲህ ያለ እንግዳ የሚፈልገው ቁርስ፣ አስጎብኚና በማለዳ የምትነሳ ጀልባ ነው። ይህን የሚያቀርብለት ሆቴል እንጂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አይደለም። አፓርታማ የሚያዋጣው ሳምንትና ወር የሚሰነብት እንግዳ ሲኖር ነው። በዚያ ላይ ያ አንድ ሁለት ቀን የሚያድረው እንግዳም ቢሆን ሲጠፋ አብሮ ነው የሚጠፋው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቱሪስት ገበያው ሦስት ጊዜ ተመታ። የባንክ ብድር ግን በየወሩ ይቆጥራል፤ ቱሪስት አልመጣም ብሎ የሚታገስ አበዳሪ የለም።

በዚያው ጊዜ ቤት ሲከራይ የኖረው ሌላ ሰው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሐኪምና ነርስ፣ የክልል ቢሮ ሠራተኛ፣ ከወረዳ ከተማ ልጆቹን ሊያስተምር የመጣ ነጋዴ። እነዚህ ሰዎች ቤት ሲያዩ መጀመሪያ ቧንቧውን ይከፍታሉ፣ ቀጥለው የባጃጅ መንገዱን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ሐይቁን ከወደዱ በእግር ሄደው ያዩታል። ለበረንዳ እይታ በየወሩ ተጨማሪ ብር የሚቆርጥ ደሞዝተኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ገዢው ለሐይቁ የጨመረው ገንዘብ ኪራይ ሆኖ የሚመለስለት ሀብታም እንግዳ ከተገኘ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ገዢው የሚገዛው ምንድን ነው? መሬቱን አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የከተማ ቦታን በዘመን ወስኖ ይሰጣል። ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ 70። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ላይ ሊዙ በየትኛው አገልግሎት እንደተያዘና ስንት ዓመት እንደቀረው ሳይጠይቅ የሚፈርም ገዢ የሚገዛውን አላወቀም። አፓርታማውን ከጎረቤት ጋር የሚያስተሳስረው ሌላው ሕግ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ከደጃፍህ ውስጥ ያለው የግልህ ነው፤ መሠረቱ፣ ጣሪያው፣ ደረጃው ግን የሁሉም ነው። የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ሲሆን ወጪውን እያንዳንዱ እንደ ድርሻው ይሸከማል።

ወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር ሕንፃው ውስጥ ሲገባ መልኩ ይለወጣል። አሳንሰር የሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እናስብ። የከተማው ውሃ ግፊቱ ከአንደኛ ፎቅ አይዘልም፤ ከላይ ያለው ነዋሪ ቧንቧውን ሲከፍት የሚሰማው የአየር ፉጨት ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ ተተክሎ፣ በፓምፕ እየተገፋ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ፓምፑ ይቃጠላል። የምድር ቤቱ ሰው «እኔ ውሃ አለኝ» ይላል፤ የሁለተኛ ፎቁ ባለቤት ውጭ አገር ነው፣ ስልኩን ተከራይ ያነሳዋል፣ ተከራዩ ደግሞ «ለባለቤቱ ንገሩ» ይላል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ደብተር ይዞ በር ለበር ይዞራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው፣ ሐይቁን ከሁሉ አብልጦ የሚያየውና ከሁሉ አብልጦ የከፈለው ሰው፣ ለወር ያህል ጀሪካን ያሸክማል። ማኅበሩ የተመዘገበ፣ የባንክ ሒሳብ ያለው፣ መዋጮ የሚሰበስብ ከሆነ ፓምፑ በሳምንት ይጠገናል። በእኔ ግምት ከሁለት አፓርታማዎች የትኛው ይሻላል የሚለውን ከበረንዳው ይልቅ የሚመልሰው የዚያ ማኅበር የደረሰኝ ጥራዝ ነው።

ስለ ውሉም መባል ያለበት አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በዕጣ የተገኙ ኮንዶሚኒየሞች ግን በብዙ ከተማ በውክልና ሲሸጡ ኖረዋል፤ ሻጩ ስሙን ሳያዛውር ገዢውን «ወኪሌ» ብሎ ቁልፍ ያስረክበዋል። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ገዢው የሚደራደረው ዋጋውን ካላወቁት፣ ካወቁትም ሊረሱት ከሚሹ ወራሾች ጋር ነው። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይወጣ፣ ካርታውም በስም ሳይዛወር የተከፈለ ቀብድ ባለቤት አያደርግም።

ለሐይቁ የሚሟገቱ ሰዎች ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። ዳርቻው አይጨመርም፤ ያለው ውስን ነውና ዋጋው ይወጣል ይላሉ። ዳርቻው ውስን መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ገዢው ዳርቻውን አይገዛም፣ እይታውን እንጂ። እይታ ደግሞ ካርታ ላይ አይጻፍም። ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ነገ ለሌላ አልሚ ቢሰጥና ስድስት ፎቅ ቢቆምበት ክስ የሚመሠረትበት ወረቀት የለም። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ የውሃ ጠርዝ ላይ መገንባት እየላላ ሳይሆን እየጠበቀ እንዲሄድ መመኘት ያለብን ሁላችንም ነን፣ የሐይቅ ዳር ባለቤቶችም ጭምር።

ሁለተኛው መከራከሪያ ብር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ገንዘቡን በቤት ያስቀመጠ ሰው ባንክ ካስቀመጠው ተሽሎ ተገኘ። ልክ ነው። ግን ይህ ቤት ለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት እንጂ ለሐይቅ እይታ ከፍ ያለ ዋጋ ለመክፈል የሚያበቃ አይደለም። ብር ሲወርድ ከገበያው ጀርባ ያለ ቤትም ዋጋው ይወጣል፤ የተቸገረ ባለቤት ቶሎ ልሽጥ ሲል ደግሞ ብዙ ገዢ የሚመጣለት ለነዋሪ የሚሆነው ቤት ነው።

ሰላም ሲሰፍን ቱሪስቱ ይመለሳል የሚሉትን መቃወም አልፈልግም። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይም፣ የጎርጎራው ሪዞርትም ለዚያ ቀን የተሠሩ ናቸው። የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲገዙ የሚፈቅደው አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ጀምሮ ይህ መብት ነበራቸው። ይሁን እንጂ ቱሪስት ሞልቶ የሚፈስባት የወደብ ከተማ ምን እንደምትሆን ባርሴሎና አሳይታለች። ነዋሪው ኪራይ ሲወደድበት አደባባይ ወጣ፤ የከተማዋ ከንቲባም እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሥር ሺህ በላይ የሚሆኑት የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች እስከ 2028 እንዲያበቁ እንደሚያደርጉ አስታወቁ። ቱሪስት ሲጠፋም ሆነ ሲበዛ፣ በእሱ ላይ ብቻ የቆመ ሒሳብ ይናጋል።

አቅሙ ከከተማው መሀል የማይደርስለት ገዢ ዓይኑን ወደ መሸንቲ ያዞራል፤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለለች ከተማ ናት። ሐይቅ አይታይባትም፣ ስለዚህ ደላላውም ቱሪስት አያነሳም፤ የሚያነሳው «ነገ ከተማው እዚህ ይደርሳል» የሚለውን ነው። ይህ ከሐይቁ ተስፋ የተሻለ መሠረት አለው፤ ከተማው በእርግጥ እየሰፋ ነውና። ጥያቄው እዚህ ቦታው ላይ ነው። በቤት ሥራ ማኅበር ለተደራጁ ሰዎች የተሰጠ፣ ካርታ ያለው ቦታ ላይ የተሠራ ቤት አንድ ነገር ነው። ከገበሬ በእማኝ ፊት በተጻፈ ወረቀት የተያዘ መሬት ላይ በሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ሌላ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም። የማስፋፊያ ፕላኑ ሲደርስ ካሣ የሚጠየቅበት ሰነድ ይዞ የሚቀርበው ያው ገበሬ ነው፤ ገዢው የሚያሳየው የእማኞችን ፊርማ ብቻ ነው።