ያለ ዕድሜ መቀጨት በአገራችን፦ ትናንትና ዛሬ



እዚህ ሸረፊያ ለአንዳችን መርዶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቃል ተመሳሳይ ነው። «ደህና ነበረች እኮ፤ ድንገት ወደቀች» ይባላል። ቤተሰብም «ልጄ በሰው አገር እንዳትጨነቅብኝ» እያለ ሕመሙን ይደብቀናል። እኛም የራሳችንን ሕመም እንደብቃቸዋለን። በዚህ እትማችን በአገራችን ሰው ያለ ዕድሜው የሚሞትበት ምክንያት እንዴት እንደተለወጠና ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ እናያለን።

ትናንት የሚቀጩት ሕፃናት ነበሩ

እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ ከሚወለዱ አምስት ሕፃናት አንዱ ያህል አምስተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ይሞት ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ አማካይ ዕድሜም 47 ዓመት ገደማ ነበር። ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው በ47 ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም። አንዱ በ1 ዓመቱ፣ ሌላው በ80 ዓመቱ ቢሞቱ የሁለቱ አማካይ 40 ገደማ ይሆናል። በየመንደራችን ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አማካዩን ወደ ታች የጎተተው በዋናነት የሕፃናቱ ሞት ነው። እናቶቻችን ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ «የወለድኩት ስምንት፣ ያሉኝ አምስት» ሲሉ ያልሰማን ጥቂቶች ነን።

ሕፃናቱን የሚገድሏቸው ሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ወባ፣ ኩፍኝና የምግብ እጥረት ነበሩ። በአገሪቱ ቤት ለቤት በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 166 ነበሩ። በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ወደ 67፣ በ2019 ደግሞ ወደ 59 ወረዱ።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ክትባት፣ አጎበር፣ መጸዳጃ ቤትና የእርግዝና ክትትል ወደ ገጠሩ የደረሱት በአብዛኛው በእነዚህ እህቶች እግር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠቱም ብዙ ወላጆችን ለልጆቻቸው አቆይቷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን 48 ደርሰዋል።

መንገዱ ግን ሁሉ ቀና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሞቱት 59 ሕፃናት 33ቱ የሞቱት ገና አንድ ወር ሳይሞላቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። በ2024ም ወባ አገርሽቶ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል።

ዛሬ ገዳዩ ድምፅ የለውም

ሕፃናት ሲድኑ አድገው ጎልማሳ ይሆናሉ፤ አማካይ ዕድሜም ከ65 ዓመት አልፏል። በዚህ ዕድሜ የሚመጡት በሽታዎች ግን ሌሎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 70 ዓመት ባለው ዕድሜ በልብና በደም ሥር በሽታ፣ በካንሰር፣ በስኳርና ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ የሚመጣን ሞት ያለ ዕድሜ ሞት ብሎ ይቆጥረዋል። በድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ከሞቱት ከመቶ 39ኙ የሞቱት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው። እኛ ያለንበት አገርም በዚሁ መንገድ አልፏል። በሳዑዲ አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1960 ከ50 በታች ነበር፤ ዛሬ ከ75 በላይ ሲሆን ዋናዎቹ ገዳዮች የልብ በሽታና የመሳሰሉት ናቸው።

ከሁሉም ተንኮለኛው የደም ግፊት ነው። ደም የደም ሥርን ግድግዳ ከልክ በላይ እየገፋ ለዓመታት ሲጎዳው ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። አንድ ቀን በአንጎል ውስጥ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ «ድንገት ወደቀች» እንላለን። ነገሩ ግን ድንገት አልነበረም፤ የለካው ሰው ስላልነበረ ነው።

እህቶቻችን፣ ብዙዎቻችን በየጠዋቱ የማዳምን እናት ክንድ አስረን ግፊታቸውን እንለካለን፤ መድኃኒታቸውንም በሰዓቱ እንሰጣለን። ቁጥሩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን እንደሚያሰጋ እናውቃለን። የገዛ እናታችን ግፊት ግን መቼ ተለካ?

ምን እናድርግ?

ስልክ ስንደውል «ደህና ናችሁ?» ብለን ብቻ አንዝጋ። «እማዬ፣ ግፊትሽንና ስኳርሽን የተለካሽው መቼ ነው? ስንት ነው አሉሽ?» እንበል። መድኃኒት ከተጀመረ፣ «ተሽሎኛል» ተብሎ እንደማይቋረጥ እናስረዳ፤ የተሻላት እየወሰደችው ስለሆነ ነው። ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት ከዚህ ገዝተን አንላክ።

ከምንልከው ገንዘብ ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ዓመታዊ መዋጮ እናስከፍል። ይህ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይሠራል። ለለቅሶ ከምንልከው ለመድኅን የምንልከው ያንሳል። ነፍሰ ጡር እህት ካለችንም በጤና ተቋም እንድትወልድ እንምከራት።

ራሳችንንም አንርሳ። ጨውና ዘይት እንቀንስ፤ አጋጣሚ ሲገኝ እንለካ። የአንድ ሰው ፊት ቢጣመም፣ አንድ እጅ ቢዝል ወይም አንደበት ቢተሳሰር «ትተኛና ይሻላታል» ሳንል ወዲያው ወደ 997፣ ወደ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ፣ እንደውል።

ሠርተን የምንመለሰው የምንመለስበት ሰው ሲኖር ነው። ለእነርሱም ለእናንተም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።