በየቤቱ የተሠራ ሐዲድ እንዴት ይገጥማል?

አንዱ ቤቱ የሠራውን ድልድይ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ከሌላ ከተማ የራሱን ጣቢያ ይዞ ይመጣል። ተያይተው አያውቁም። አዳራሽ ውስጥ ሁለቱን ያጋጥሟቸዋል፣ ብሎን ያጠብቃሉ፣ ባቡሩም ከድልድዩ ወደ ጣቢያው ያልፋል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ፍሬሞ የተባለው የሞዴል ባቡር ወዳጆች ማኅበር እንዲህ እያደረገ በርካታ ሰዎች በየቤታቸው የሠሩትን ወደ አንድ ረጅም መስመር ይቀጥላል። ነገሩ ደቦ ነው፤ ሳይለካኩ ሠርተው እንዴት እንደሚገጥም ግን ማወቁ ደስ ይላል።

መጀመሪያ የሚስማሙት በመጠን ነው። በብዛት የሚሠራበት ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደው የሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ዋናው ብልሃት ግን ጫፉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚሠራው ሞጁል የሚሉትን፣ እግር ያለው የጣውላ ሳጥን ነው። ደንቡ አጥብቆ የሚይዘው የሳጥኑን ሁለት ጫፎች ነው፦ ሐዲዱ ከወለሉ 1.30 ሜትር ከፍ ይበል፣ ጠርዙን ቀጥ ብሎ ይሻገር፣ የብሎኑ ቀዳዳ በተወሰነለት ቦታ ይበሳ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ተራራ ቢኖር፣ ወንዝ ቢወርድ፣ መንደር ቢቆረቆር የባለቤቱ ፈንታ ነው። ጥቂት ነገር አጥብቆ ይዞ ሌላውን ሁሉ ለሰው የሚተው እንዲህ ያለ ደንብ እጅግ አድርጌ አከብራለሁ።

ሽቦው ላይ ደግሞ ጠጋ ብለን እንይ። ከሳጥኑ ሥር ከሁለቱ ሐዲዶች የሚነሱ ሁለት ሽቦዎች አሉ። ሞጁሉ ዞሮ ሊገጠም ስለሚችል፣ የአንዱ ሽቦ ከማይገባው ሽቦ ጋር ከተገናኘ መስመሩ ሾርት ያደርጋል። ይህን ለመከላከል ከጫፉ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት፣ በቀኛችሁ ላለው ሐዲድ ሽቦ ለምሳሌ ሴቴ መሰኪያ፣ በግራችሁ ላለው ወንዴ መሰኪያ ይደረግለታል። ጎረቤታችሁም የራሱን በዚሁ ደንብ ሠርቷል። ሁለቱ ሲጋጠሙ የእናንተ ቀኝ የእሱ ግራ ላይ ስለሚያርፍ ሴቴው ወንዴውን ያገኛል። ሞጁሉን ብታዞሩትም ያው ነው። ልሳሳት ብትሉ እንኳ አይገባላችሁም።

በአንድ ሐዲድ ላይ ብዙ ሰው ብዙ ባቡር የሚነዳውስ እንዴት ነው? ድሮ ባቡሩን የሚያዘው ኮረንቲው ራሱ ነበር። ቮልቴጁ ሲጨምር ይፈጥናል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እዚያው ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር ካለ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዲ ሲ ሲ የተባለው ዘዴ ይህን ለወጠው። ያበጀው የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ነው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ደግሞ በ1990ዎቹ የጋራ ደንብ አደረገው። እዚህ ኮረንቲው ሐዲዱን አይለቅም፤ አቅጣጫው ግን ያለማቋረጥ ይገለባበጣል። በ58 ማይክሮ ሰከንድ ሲገለበጥ አንድ፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ ዜሮ ተብሎ ይነበባል። አንድና ዜሮው ተደርድሮ «ቁጥር 23፣ ፍጥነት ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። በየሎኮሞቲቩ ሆድ ያለው ዲኮደር የተባለ ትንሽ ሰሌዳ ትእዛዙን ይሰማል፤ የሚታዘዘው ግን ባለቁጥሩ ብቻ ነው።

ሞጁሎቹ ተገጣጥመው ሲያልቁ ሥራ ይጀመራል። እያንዳንዱ ፉርጎ ምን እንደጫነና የት እንደሚራገፍ የሚናገር ካርድ አለው። የጣቢያው ኃላፊ ለቀጣዩ ጣቢያ ስልክ ደውሎ «ባቡር ትቀበላለህ?» ይላል፤ እሺ ካልተባለ አይለቅም። ርቀቱ ስላጠረ ሰዓቱም ፈጥኖ እንዲቆጥር ይደረጋል። ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚጫወት ሰው ባቡር ብዙ ጊዜ ክብ ይዞራል። እዚህ ግን ፉርጎው የሚሄድበት፣ የሚጠብቀውም ሰው አለው።

ለእኛም ቦታ አለ። ከ1897 እስከ 1917 እ.ኤ.አ. የተዘረጋው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በኤች ኦ መጠን ለዚህ የሚሆን ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ገበያ ላይ አለ፣ የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች በሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። 784 ኪሎ ሜትሩ በዚህ መጠን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሙሉውን አንድ ሰው አይሠራውም። የድሬዳዋን ጣቢያ ብቻ ግን ይቻላል። ሠሪውን የሚያስቸግረው ልኬትና ዝርዝር መረጃ ማጣት ነው፤ የመጋዘኑ በር ከፍታ፣ የፉርጎው ቀለም፣ የሐዲዶቹ አቀማመጥ። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ወይም በለገሃር የሠራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ያላችሁን ፎቶግራፍ ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ የምታስታውሱትንም ልኬት አጽፏቸው።