ኤሊዋ የታዘዘችውን ሠራች

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚጀምር ሰው ከሥዕል የተሻለ መግቢያ ያለ አይመስለኝም። ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው «ተርትል» የተባለ ሞጁል ስክሪኑ ላይ አንዲት ኤሊ ያመጣል፤ ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ግራ ዙሪ ሲሏት በሄደችበት መስመር እየሳለች ትጓዛለች። ሐሳቡ የተወረሰው ሴይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ከሠሩት ሎጎ ከተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

የሥዕል ፕሮግራም ክፋቱ ሲሳሳቱ ዝም ማለቱ ነው። ቅንፍ መዝጋት ቢረሳ ፓይተን መስመሩን ጠቅሶ ይናገራል። ማዕዘን ከተሳሳተ ግን ምንም ሳይል የተበላሸ ሥዕል ያወጣል።

ጎነ ሦስትን እንውሰድ። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ እያንዳንዱ ውስጣዊ ማዕዘን 60 ዲግሪ እንደሆነ ከትምህርት ቤት እናውቃለን። ስለዚህ ጀማሪው «100 ሂጂ፣ 60 ዲግሪ ዙሪ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገሚ» ብሎ ያዛል። የሚወጣው ያልተዘጋ ቅርጽ፣ የጎነ ስድስት ግማሽ ነው። ኤሊዋ ጥጉ ላይ ስትደርስ ፊቷ አሁንም ስትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሏል፤ መዞር የምትጀምረውም ከዚያ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ውጫዊው ማዕዘን፣ ከ180 ላይ 60 ሲቀነስ የሚገኘው 120 ዲግሪ ነው። ቅርጹን ዞራ ስትጨርስ በድምሩ 360 ዲግሪ ትዞራለችና 360ን ለጎኖቹ ብዛት ማካፈል ይበቃል። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ግን ሁለት ሙሉ ዙር ይፈልጋል፦ 720 ለ5 ሲካፈል 144። ግራ የተጋባ ተማሪ ከወንበሩ ተነሥቶ ቅርጹን ወለሉ ላይ በእግሩ ቢሄደው ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥ ይገባዋል።

ማዕዘን የሚለካበት መስፈሪያም ያሳስታል። ተርትል በዲግሪ ሲሠራ፣ «ማዝ» የተባለው የሒሳብ ሞጁል ግን ራዲያን በተባለ ሌላ መስፈሪያ ነው። የ90ን ሳይን ስንጠይቀው 1 ጠብቀን 0.894 ይሰጠናል፤ በዚህ ስሌት የተሳለ ክብ ነጥቦቹ ተበታትነው ይታያሉ።

ከተርትል ፓይጌም ወደተባለው የጨዋታ መሥሪያ የሚሸጋገር ሰው ደግሞ ዓለም ይገለበጥበታል። በተርትል ዜሮ ነጥብ የስክሪኑ መሃል ሲሆን ዋይ፣ ማለትም የቁመት መለኪያው፣ ሲጨምር ወደ ላይ ይወጣል። በፓይጌም ዜሮ ነጥብ የግራው የላይ ጥግ ነው፤ ዋይ ሲጨምር ወደ ታች ይወርዳል። ልማዱ የድሮው ቴሌቪዥን ጨረር ምስሉን ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ይሥል ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። በጨዋታው ኳስ ለማዝለል ዋይ ላይ የደመረ ሰው ኳሱ ሲሰምጥ ያያል።

የራስን ፕሮግራም ፋይል «ተርትል» ብሎ መሰየምም ብዙ ጀማሪዎችን ያስለቅሳል። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ስለሆነ የተማሪውን ፋይል ራሱን ያስገባና «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የለም» ይላል። ስሙን መቀየር ብቻ በቂ ነው።

ከሁሉም የሚያደናግረው ግን ቲኪንተር በተባለው የመስኮት መሥሪያ ሞጁል የሚያጋጥም የምስል መጥፋት ነው። በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ፎቶ ከፍተን መስኮቱ ላይ እናደርጋለን፤ ኮዱ ትክክል ነው፣ የስህተት መልእክት የለም፣ ቦታው ግን ባዶ ነው። ፈንክሽኑ ሲያልቅ በውስጡ የነበረው የምስሉ ስም አብሮ ይጠፋል፤ ፓይተንም የሚጠራው የሌለውን ነገር ከማስታወሻው ያጸዳል። መፍትሔው ምስሉን ከፈንክሽኑ በኋላ ከሚቆይ ነገር፣ ለምሳሌ ሌብል ከተባለው፣ ምስሉን ከሚያሳየው የመስኮቱ ክፍል ጋር፣ በአንድ መስመር ኮድ ማሰር ነው።