የዩኒቨርሲቲ ወንበር ገበያ፦ የጋምቤላ ቅናሽ ለማን ይደርሳል?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የባሮ ዓሣ ዋጋ የሚቆረጠው በሻጭና በገዢ ክርክር ነው። ዓሣው ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይሰቀላል። እዚያው ከተማ ክርክር የማያውቀው፣ ፈላጊው ግን እጅግ የበዛ ሌላ ዕቃ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ወንበር። የዚህ ዕቃ ዋጋ ብር ሳይሆን ነጥብ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠውም አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ሚኒስቴር ነው።

አቅርቦት በጠበበበት ገበያ “ለማን ይቀነስ?” የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ግን እንደየአገሩ ለየቅል ነው።

ለቀድሞ ደንበኛ ልጅ

በአሜሪካ ስመ ጥር ኮሌጆች ዘንድ ቅናሽ ከሚያገኙት አንዱ የቀድሞ ደንበኛ ልጅ ነው። አባቱ ወይም እናቱ እዚያው የተማሩለት አመልካች ቅድሚያ ይሰጠዋል። በሃርቫርድ ላይ በቀረበው ክስ ይፋ የሆነው መረጃ እንደሚያሳየው፣ ከእንዲህ ዓይነቶቹ አመልካቾች ሲሶ ያህሉ ሲገቡ፣ ከሌሎቹ የተሳካላቸው 6 ከመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን መሠረት ያደረገውን ድጋፍ ሲሽር፣ የወላጅ ውርስ ግን ሳይነካ ቀርቷል። ካሊፎርኒያ በ2024 በግል ኮሌጆቿ ጭምር እንዲቀር በሕግ ወስናለች።

ሁለተኛው ዘዴ ቀድሞ ቃል መግባት ነው። ተማሪው ለአንድ ኮሌጅ “ከተቀበላችሁኝ ሌላ ቦታ አልሄድም” ብሎ ይፈርማል፤ በምላሹ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል። ነገር ግን የሚፈርመው የሌሎቹን ኮሌጆች የገንዘብ ድጋፍ ሳያወዳድር ነው። ዋጋ ሳያጠያይቅ ዕቃ የሚያነሣ ደግሞ ኪሱ የማይጎድልበት ሰው ነው።

የእኛ ቅናሽ

በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4፣ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በዚሁ መንፈስ ከጋምቤላ፣ ከአፋር፣ ከሶማሌና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ቆይቷል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ኢኮኖሚስት ግን ድጎማ ባየ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ በመጨረሻ የገባው ማን ኪስ ነው?

ለምሳሌ ያህል ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። አንዱ በጋምቤላ ከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነው። መብራት፣ መጽሐፍና አስጠኚ አለው። ሌላዋ በኑዌር ዞን፣ በጂካዎ ወረዳ፣ የከብት አርቢ ልጅ ናት። ክረምት ሲገባ ውኃ መንገዱን ይቆርጥባታል፤ ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራው ይጠብቃታል። በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም “የጋምቤላ ተማሪ” ናቸው፤ በክልላቸው ስም የሚያገኙት ቅናሽም እኩል ነው።

እኩል ቅናሽ እኩል ላልሆኑ ሰዎች ሲታደል፣ የሚጠቀመው አስቀድሞ በሩ ላይ የደረሰው ነው። የከተማው ልጅ ይመረቃል፣ ተመልሶም የክልሉ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይሆናል። ነገ ልጁ በዚያው ቅናሽ ይገባል። እንግዲህ የአሜሪካኑ የወላጅ ውርስ በሌላ በር መጣ ማለት አይደለምን?

ዋጋው ሲወደድ

ጉዳዩን የሚያከብደው ወንበሩ መወደዱ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት 50 ከመቶ ማምጣት ግድ በሆነበት የ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ያለፉት 29,909 ወይም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ለወደቁት በ2015 የማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት ሲከፈት፣ የታዳጊ ክልሎች ቅናሽም በዚሁ በር ገባ። ዕቃው በተወደደ መጠን ቅናሹም ውድ ይሆናል፤ ሽሚያውም ይበረታል።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ራሱን የቻለ ተቋም ሆኗል። ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ሄደው ተማሪዎቻቸውን ራሳቸው ሲመርጡ፣ “ለማን ይቀነስ?” የሚለው ጥያቄ ከሚኒስቴሩ ጠረጴዛ ወደየሬጅስትራሩ መስኮት ይወርዳል። ዛሬ ካልተመከረበት ያን ጊዜ ይመሻል።

መፍትሔው ቅናሹን ማንሣት አይደለም፤ አድራሻውን ማስተካከል ነው። ከክልል ስም ይልቅ ከተማሪው ወረዳና ከወላጆቹ የትምህርት ደረጃ ጋር ይታሰር። በቅጹ ላይ የሚዋሽ አይጠፋም ይባል ይሆናል። ቢሆንም በገጠር ቀበሌ ማን እንደተማረ፣ ማን እንዳልተማረ ጎረቤት ያውቃል፤ ማስረጃውም ከዚያው ይገኛል።

አሜሪካኖች “ወላጅህ እዚህ ተምሯል ወይ?” ብለው ይጠይቁና “አዎ” ላለው ይጨምሩለታል። ጥያቄውን እኛም መዋስ እንችላለን። ልዩነቱ፣ እኛ የምንጨምረው “አልተማረም” ላለው መሆኑ ነው።