በርቀት ስትገቡ ብቻ የሚዘጋ ፕሮግራም

«ቢሮ ስሆን በደንብ ይሠራል፤ ከቤት በሪሞት ዴስክቶፕ ስገባ ግን የዲዛይን ፕሮግራሙ ድንገት ይዘጋል» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። አብዛኛው ሰው የሚያማርረው ኔትወርኩን ነው። ኔትወርክ ሲደክም ግን የሚቋረጠው ግንኙነቱ ነው፤ ፕሮግራሙ እዚያው ቢሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ፕሮግራሙ ለምን እንደተዘጋ ለማወቅ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ (የቤታችሁ ላይ አይደለም!) የዊንዶውስን የስህተት መዝገብ የሚያሳየውን ኢቨንት ቪወርን ክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ አፕሊኬሽን። በተዘጋበት ሰዓት ቀይ ምልክት ያለውን፣ ቁጥሩ 1000 የሆነውን መስመር ስትጫኑ «ፎልቲንግ ሞጁል» የሚል ታያላችሁ። እዚያ የተጻፈው የግራፊክስ ድራይቨር ፋይል ከሆነ ፍንጩ ተገኘ፤ ሪሞት ዴስክቶፕ የራሱን ምናባዊ ስክሪን ስለሚጠቀም አንዳንድ ፕሮግራሞች አይስማማቸውም። ድራይቨሩን አፕዴት አድርጉ፤ ካልሆነ በፕሮግራሙ ሴቲንግ ሃርድዌር አክስለሬሽንን አጥፉ። ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ባለሙያ ጋ ስትደውሉም የዚያን መስመር ፎቶ አብራችሁ ላኩ።