ውሃ አልገባ ያለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን

ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ውሃ ግን አይገባም። የጥገና ባለሙያ ከመጥራት በፊት ጀርባውን ማየት ይበጃል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች፣ መስመሩ ሲለቀቅ ደለልና ዝገት ይዞ ይመጣል። ይህ ቆሻሻ ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ቧንቧው ይዘጋል፣ ቱቦው ይፈታል፤ ከዚያ ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ ብሎ ስቦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ!

ወንፊቷ ንጹሕ ከሆነስ? ውሃው ከሮቶ (ከውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) የሚመጣ ከሆነ፣ የሮቶው ከፍታ ይታይ። 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ብቻ ነው፤ የብዙ ማሽኖች መመሪያ ግን ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይጠይቃል። ከማሽኑ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ ባልዲ ይሞላል እንጂ የማሽኑን ቫልቭ በወጉ አያልፍም።