ጨው ሳይደርቅ

ላብ የደረቀበት ጥቁር ሸሚዝ ላይ የሚቀረውን ነጭ መስመር የማያውቅ የለም። ኤላት ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የወጣ ሰው መተንፈሻ መሣሪያ ላይም የሚቀረው ይኸው ነው፤ ያውም በብዛት። የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ፣ የኤላት ሰላጤ ውሃ 40 ግራም ይደርሳል። ጨው ሳይደርቅ ከደረሱበት ሟሙቶ ይሄዳል። ከደረቀ ግን ሹል ፍሬ ሆኖ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሏትን የጎማ ቀለበት ይፍቃል፤ ክሮም የተለበጠውን ናስም ይበላል።

ሬጉሌተር የሚባለው ይህ መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የአየር ሲሊንደሩ አፍ ላይ ይታሰርና በ200 ባር ገደማ የታመቀውን አየር፣ ከዙሪያው የውሃ ግፊት 10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ መጠን ያወርደዋል። ሁለተኛው በጥርስ የሚያዘው ሲሆን ጠላቂው ትንፋሽ ሲስብ አየር ይለቃል።

ሳያጥቡት የሚያበላሹት አሉ፤ ሲያጥቡት የሚያበላሹትም አሉ። ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ሲፈታ የአየር መግቢያው ክፍት ስለሚሆን፣ ከሁሉ በፊት የአቧራ ክዳኗን በፎጣ አድርቆ መግጠም ያስፈልጋል። ክዳኗን በሲሊንደሩ አየር እፍ እያሉ ማድረቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ጠብታውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይበጥሳል።

ከዚያ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ መልካም ነው። በቧንቧ ለቅለቅ ማድረግ ከምንም ይሻላል እንጂ በየስርጉዱ የገባውን አያወጣም።

ሲዘፈዘፍ ግን አፍ ላይ በሚያዘው ክፍል ፊት ያለችውን ቁልፍ አይጫኑ። ስትጫን ውስጥ ያለች ዘንግ ቫልቩን ትከፍታለች። ሬጉሌተሩ ከተከፈተ ሲሊንደር ጋር ከሆነ ችግር የለም፤ የሚወጣው አየር ውሃውን ይመልሰዋል። ካልሆነ ውሃው ሁለቱን ክፍሎች በሚያገናኘው ቱቦ ሽቅብ እስከ መጀመሪያው ክፍል ይዘልቃል። መዘፍዘፊያ ገንዳ ውስጥ ያየውን ቁልፍ ሁሉ መጫን የሚወድ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ሲያደርቁት ቱቦው ሳይታጠፍ ጥላ ውስጥ ይስቀሉት፤ ፀሐይ ጎማ ትሰነጥቃለች። አምራቾች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ባለሙያ ፈትቶ እንዲያየው ያዝዛሉ። እስከዚያው ክዳኗን አንሥተው መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ማጣሪያ በባትሪ ይዩአት። አረንጓዴ ከሆነች እርጥበት ገብቷል፤ ዳግም ከመጥለቅዎ በፊት ባለሙያ ይየው።